ሙሾ አውራጇና የባጃጁ ማስታወቂያ

«ጉልበትህ ቢከዳህ፣ ወገብህ ቢጎብጥ፣
አንዷን ጠርሙስ አንሳ… ም… ምም… ምምም…»

ውብነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከቀብር ስትመለስ ከንፈሯ ላይ የነበረው ይህ ዜማ ነው። መጨረሻውን አታውቀውም። ሌላ ሰው ቢያንጎራጉረው ግድ የለም፤ ሙሾ አውራጅ፣ ያውም ሰው ሸኝታ ስትመለስ፣ የማስታወቂያ ዘፈን አፏ ላይ ተጣብቆ መገኘቱ ግን አሳፈራት። «ወዲያ!» ብላ እንትፍ አለች። ጥቂት ሳትራመድ ዜማው ተመልሶ መጣ።

የለቀመችው ከባጃጅ ነው። ሰሞኑን ጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ የታሰረበት ባጃጅ ንፋስ መውጫ ከተማን ከላይ እስከ ታች እየዞረ፣ ሁሉን ያድናል የተባለ በቢጫ ጠርሙስ ያለ መድኃኒት ያስተዋውቃል።

ውብነሽን በጋይንት የማያውቃት ሐዘንተኛ የለም። ከወገዳ ይላክባታል፤ ከእስቴ ይላክባታል። ድንኳን ስትገባ ወዲያው ድምፅ አታሰማም። ጥግ ትይዝና በሹክሹክታ ትጠይቃለች፤ ሟቹ አራሽ ነበር ወይስ ቀዳሽ? በሬዎቹን ምን ብሎ ይጠራቸው ነበር? የትኛዋ እህቱ አልደረሰችም? ከዚያ የበሬውን ስም ይዛ ስትነሣ፣ ወንዱ ሁሉ ጋቢውን ወደ ፊቱ ይስባል። ሟቹ ለአንድ አፍታ በሬውን ጠምዶ መሃላቸው ይቆማል። ያን ማድረግ የምትችል ሴት በአገሩ ስንት አለች?

እጇን ደጅ ታጥባ ወደ ቤት ገባች። ባሏ ይሁኔ መደቡ ላይ ተቀምጧል። ክኒኑ ከፊቱ እንደ ቀረበለት አለ፤ ውሃውም አልተነካም።

አምና ይሁኔ አውድማ ላይ እንደ ነዶ ተዘርሮ ነበር። ደም ግፊት ነው ተባለ። ሐኪሟ ክኒኑን ስትሰጠው፣ «አባቴ፣ ይህን ካቋረጡ ግማሽ አካልዎ ሊቀር ይችላል፤ ከዚያም ሊብስ ይችላል» ብላ አስጠንቅቃዋለች። ውብነሽ ያን ቀን የሰማችው ቃል እስካሁን ሆዷ ውስጥ አለ።

«ምነው ሳትውጥ?» አለችው።

«ሰለቸኝ። ነገ ገበያ ወጥቼ ያችን ቢጫ ጠርሙስ እገዛለሁ። ክኒኑን ከእንግዲህ አላየውም።»

«ምን አልክ?»

«ሰውየው እኮ ስለ እኔ ነው የሚያወራው! ጠዋት ስነሣ የሚጫጫነኝን፣ የወገቤን ነገር፣ ክኒን መሰልቸቴን ሳይቀር ነገረኝ። ሳያየኝ አወቀኝ።»

ውብነሽ ባለችበት ቆመች። ሳያየኝ አወቀኝ! ይህን ቃል ስንት ሐዘንተኛ ለእሷም ብሏታል።

ልጃቸው ሕይወት ከጓዳ ብቅ አለች። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። መምህሯ አንድ ማስታወቂያ መርጣችሁ ሰውን በምን እንደሚያሳምን መርምሩ ብለዋቸዋል፤ ተናጋሪው እንዴት ይታመናል? የትኛውን ስሜት ይነካል? ማስረጃውስ ምንድን ነው? እሷም የባጃጁን በስልኳ ቀድታዋለች።

«እስቲ ክፈችው» አለች እናቷ።

ስልኩ ጮኸ። «ወገኖቼ! ጠዋት ስትነሡ ይደክማችኋል? ወገባችሁን ይቆርጣችኋል? ክኒን ሰልችቷችኋል? እኔ የአባቶቼን ጥበብ የወረስኩ ልጃችሁ ነኝ! ልጆቻችሁ ያለ አባት እንዳይቀሩ! ሺህ ሰው ተፈውሷል!»

«'ልጃችሁ ነኝ' ያለው እንዲታመን ነው» አለች ሕይወት። «ስለ ልጆች ያወራው ሆድ ሊያባባ ነው። ሺህ ሰው ያለው ደግሞ ማስረጃ መሆኑ ነው።»

«የማን ልጅ ነው?» አለች ውብነሽ። «እኔ ልቅሶ ቤት የሟቹን አባትና አገር ሳልይዝ አፌን ብከፍት በዱላ ነው የምባረር።»

«ማስታወቂያና ልቅሶ ምን አገናኘው?» አለ ይሁኔ።

«ከሺሁ የአንዱን ስም እንኳ ይጥራልን!»

«እሺ፣ አይጥራ። የእኔን ሕመም ግን ከየት አወቀው?»

ውብነሽ መልሱን ታውቀዋለች፤ ግን የሙያ ምስጢር ነው፤ ያስተማረቻት አክስቷ ካሣነሽ ናት፤ ለልጇም ነግራት አታውቅም። ደግሞ ሰው በደኅና ባለበት ቤት ሙሾ አይወረድም፤ ሟርት ነው። ክኒኑን አየችው። ይሁኔን አየችው። ከዚያ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች፤ ከአጥሩ ውጭ መንገዱ ላይ ቆማ፣ ቤት ድረስ እንዲሰማ ያህል ድምጿን ዝቅ አድርጋ አወረደችው፤

«ማን አሳደገችው፣ እናቱስ ማን ናት፣
ደጅ ደጁን እያየች መሽቶ የነጋባት።»

ስትመለስ ይሁኔ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ዓይኑ ቀልቷል።

«እናቴን ምነው አነሣሽብኝ?» አለ። «ልክ እንዲህ ነበረች። ከገበያ እስክመለስ በር ላይ ቆማ…»

«እናትህን መቼ አየኋትና? ሳታገባኝ አይደል የሞተች! ይህ ግጥም የእናትህ አይደለም። መንገድ ላይ ሞቶ ለተገኘ፣ ማን እንደሆነ ለማይታወቅ ሰው የሚወርድ ነው። ከሁሉም ይገጥማል። ደጅ ደጁን ያላየች እናት የት አለች? በሰኔ እርፍ ጨብጦ ውሎ ወገቡን የማያመውስ የት አለ? ሰውየው አላወቀህም፣ ይሁኔ። ከሁሉም የሚገጥመውን አወረደብህ።»

ሕይወት እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች።

«እኔ የማወርደው» አለች ውብነሽ፣ «ወገን የሌለው ሰው ሳይለቀስለት አፈር እንዳይገባ ነው። እሱ ግን አንተን በቁምህ…» ቃሉን አልጨረሰችውም።

ይሁኔ ተመልሶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቀ ነበር።

«አይ እኔ! የራሴን ሙሾ በገዛ ገንዘቤ ልገዛ!»

ክኒኑን አንሥቶ አፉ ውስጥ ጣለና ውሃውን ግጥም አደረገ። መዋጡን እንድታይለትም እንደ ሕፃን አፉን ከፈተላት።

«ዝጋው፣ ጥርስህን አውቀዋለሁ!» አለችው፤ ፊቷን ግን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እማዬ» አለች ሕይወት ቀስ ብላ፣ «ይህን ልጻፈው? ክፍል ውስጥ ላንብበው?»

ውብነሽ አንገቷን ቀና አደረገች። «ጻፊው። የእናቴ ሙያ ነው በያቸው። ካሣነሽ ያስተማረቻት ነው ብለሽም ስሟን ጥሪ፤ እኛ ስም አንደብቅም።»

ሕይወት ጎንበስ ብላ መጻፍ ጀመረች። ይሁኔ መሶቡን ራሱ አቀረበ፤ የገብሱን እንጀራ ዘረጋ፣ ሽሮውንም አፈሰሰበት። ውብነሽ ልቅሶ ባለበት ቀን ድምፅ ይዘጋል ብላ እህል አትቀምስም፤ አሁን ግን ልቅሶው አብቅቷል፣ ፀሐይዋም አዘቅዝቃለች። ነጠላዋን አቃንታ ለበሰች፣ ጉልበቷን ይዛ ከባሏ አጠገብ ተቀመጠች፤ ቆርሳም መብላት ጀመረች።