የእህቴ ጉበትና የጠበበው ቱቦ

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ብዬ መጋቢውን አስፈቅጄ ነው የቆምኩት። ንግግር አልችልም፤ ዕድሜዬን ሚስማርና ቆርቆሮ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ታገሡኝ።

መሃል ከተማ ያለውን ሱቄን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እሁድ እናንተ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ይዛችሁ ስታልፉ፣ እኔ በራፌ ላይ ቆሜ ከጓደኞቼ ጋር "ሊጮሁ ሄዱ" እያልኩ እስቅባችሁ ነበር። ጌታ ግን ታጋሽ ነው። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ዋናው ቤቴ ሱቁ ነበር፤ ልጅም የለኝም። ለካ ሳላውቀው የጉበት ቫይረስ በደሜ ውስጥ ኖሮ ጉበቴን ጨርሶታል። ሆዴ ተነፋ፣ እግሬ አበጠ። ሐኪሞቹ ከንቅለ ተከላ በቀር መፍትሔ የለህም አሉኝ። አዳማ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ሰናይት ይህን ስትሰማ አላመነታችም። ህንድ አገር አብረን ሄደን ከጉበቷ ከፍላ ሰጠችኝ። ሃሌሉያ! እንዲህ ያለች እህት ለሁላችሁም ይስጣችሁ።

ገና ሆስፒታል ሳለሁ የሐሞት ቱቦው ከተሰፋበት ቦታ ሐሞት አፈሰሰ። እሱን አክመው ሲያሰናብቱኝ ሐኪሙ አስጠነቀቀኝ። በሕይወት ካለ ሰው የተወሰደ ጉበት የሐሞት ቱቦው ቀጭን ነው፤ የእህትህ ደግሞ ሁለት ሆኖ ስለተገኘ ሁለቱንም ነው የሰፋነው፤ በዚያ ላይ አፍስሷል፤ እንዲህ ያለ ቦታ ሲድን ጠባሳ ይዞ ሊጠብ ይችላል አለኝ። ካሳከከህ፣ ዓይንህ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትህ ከጠቆረ፣ ሳትውል ሳታድር ታከም። ሰውነትህ አዲሱን ጉበት እንዳይገፋ የምትወስደው መድኃኒትም ለበሽታ ስለሚያጋልጥህ፣ ለጊዜው ጠያቂ አይሰብሰብብህ አለ።

ወገኖቼ፣ በእኛ አገር ከሞት ተርፎ የመጣ ሰው ቤት ጠያቂ ሲያጣ አይታችኋል? እኔ አየሁት። ባህል አዳራሽ አካባቢ ያለው ግቢዬ ተዘጋ። ባጃጅ በራፌ ላይ ሲቆም ጠያቂ መጣ ብዬ ብድግ እላለሁ፤ ሰው ወርዶ ምግቡን ለሠራተኛዋ ይሰጥና ይመለሳል። ጓደኞቼ መጀመሪያ ይደውሉ ነበር፤ እያደር እሱም ቀረ። አልፈርድባቸውም፣ ሐኪም ነው የከለከለ። ግን አመመኝ፤ ከቁስሉ ይልቅ እሱ አመመኝ። የምትደውልልኝ ሰናይት ብቻ ነበረች፤ በየማለዳው "የእኔዋ እንዴት አደረች?" ትላለች፤ ጉበቷን ማለቷ ነው። እኔም "ደህና አድራለች" እላታለሁ።

ከዚያ ማሳከኩ መጣ። መዳፌን፣ የውስጥ እግሬን፣ መላ አካላቴን። በመስታወት ሳይ ዓይኔ ቢጫ ሆኗል። ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ግን ለሰናይት ምን ብዬ ልንገራት? ሆዷን ተቀድዳ የሰጠችኝ ተበላሸ ልበላት? ስትደውል አሁንም "ደህና አድራለች" አልኳት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ፤ እኔ ግን ደብቄ ልሞት ነበር።

ጌታ ይባረክ! አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የዚህች ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ኅብረት መጣ። መግባት እንደማይችሉ ያውቃሉ። ጎረቤቴ እማማ ብርቄ ከፊት ሆነው፣ መንገድ ላይ ከአጥሬ ሥር ቆመው መጸለይ ጀመሩ። ስስቅባቸው የኖርኩት ሰዎች ናቸው እኮ! ወንበር ስቤ ከበሩ ኋላ ተቀመጥኩ። ስሜን እየጠሩ ሲያለቅሱ ስሰማ ልቤ ተሰበረ። "እማማ፣ ዓይኔ ቢጫ ሆኗል፤ ለማንም አልተናገርኩም" አልኳቸው በበሩ ክፍተት።

እማማ ብርቄ ጸሎቱን አስቆሙ። "ልጄ፣ እኛ መጸለያችንን አንተውም፤ አንተ ግን አሁኑኑ ለእህትህ ደውል። ሐኪምንም የሰጠን እግዚአብሔር ነው" አሉኝ።

እዚያው ወንበር ላይ "ኢየሱስ ሆይ፣ ብቻዬን ነኝ፣ ተቀበለኝ" አልኩ። ሌላ ቃል አላወቅሁም። ከዚያ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። ሰናይት "እኔው ገደልኩህ ማለት ነው?" አለችኝ። ይህን ነበር ስፈራ የነበረው።

ተያይዘን አዲስ አበባ ሄድን። ሐኪሙ በአፌ መሣሪያ አስገብቶ የጠበበውን ቦታ ከፈተ፤ ማስፊያ ቱቦም አስቀመጠበት። ሲጨርስ ሰናይትን አስጠርቶ፣ "እህቴ፣ የሰጠሽው ጉበት ጤነኛ ነው፤ የጠበበው የተሰፋበት ቦታ ነው። ያንቺ ጥፋት አይደለም" አላት። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ብዙ አለቀሰች። ለእኔ ከመዳኔ የበለጠው ተአምር ያ ነበር፤ ክብር ለስሙ ይሁን!

ዛሬ ማሳከክ የለም፣ ዓይኔም ነጭ ነው። ማታ ቤት ስገባ አሁንም ማንም የለም፤ አልዋሻችሁም። ግን የምጠራው ስም አለኝ። እዚህ መካከል ሕመሙን ደብቆ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ካለ፣ ወንድሜ፣ እህቴ፣ በጌታ ታመኑ፤ ለሰውም ተናገሩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ማስፊያ ቱቦው ይወጣል። ቦታው ክፍት ሆኖ ከተገኘ ክብሩ የጌታ ነው። እንደገና ከጠበበም ክብሩ የጌታ ነው፤ ያን ጊዜም እዚሁ እቆምና "ታምሜያለሁ" እላችኋለሁ። እናንተም ምስክርነቱ ፈረሰ ብላችሁ እንዳትሸሹኝ።