ቀበሌ የሌለው ሰፈር

ከአዲስ አበባ በወጣሁበት ሌሊት የቀበሌያችን ጥበቃ ደጃፌ ላይ ተቀምጦ ስለነበር በጓሮ አጥር ዘለልኩ። የሱሪዬ ግማሽ እዚያው እሾህ ላይ ቀርቷል፤ እስካሁን ለስብሰባ እየጠሩት ይሆናል። ሱዳንን አቋርጬ፣ አሜሪካ ገብቼ ኦክላንድ ሳህን ሳጥብ ከርሜ፣ በመጨረሻ ሳን ሆዜ መሀል ፕለም ኮርነር የምትባል መንደር ቤት ስከራይ አከራዩ «እዚህ ከንቲባ የለም፤ ከተማው ከቦናል እንጂ የከተማው አይደለንም» አለኝ። እኔ ሞኙ ልስመው ምንም አልቀረኝ። ቀበሌ የሌለበት ሰፈር! ገነት ገባሁ ብዬ ለማውቀው ሁሉ ደወልኩ።

ገነቱ የቆየው ዝናብ እስኪመጣ ነው። የእኛን ሐምሌ ያየ ሰው ካፊያ ይለዋል፤ ግን የመንገዳችን ቦይ ተደፍኖ ስለነበር በካፊያው ብቻ ጣና ሆንን፤ የጎደለን ገዳም ነበር። ሲቲ ሆል፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ሄድኩ፤ አድራሻህ የካውንቲው፣ የአውራጃው፣ ነው አሉኝ። ካውንቲ ሄድኩ፤ ውሃው የሚመጣው ከሲቲው መንገድ ነው፣ እዚያ ጠይቅ አሉኝ። ውሃውን ይዤው ልምጣና ራሱ ያመልክት ወይ አልኳት ጸሐፊዋን። ትንሽ አሰበችበት።

ጎረቤቴ እማማ ሮዛ ይህን ስነግራቸው ሳቁብኝ። ወላጆቻቸው ከሜክሲኮ ናቸው፤ እሳቸው የተወለዱት መንደሩ ሁሉ የፕለም፣ እኛ ፕሪም የምንለው፣ እርሻ ሳለ ነው። ከተማው ዙሪያውን ጥሩ ጥሩውን እየመረጠ ሲውጥ የለቃሚዎቹን ጎጆ እንደ ፕለም ፍሬ ተፍቶት እንደሄደ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። የመንደሩን ስም ሰሌዳ ላይ በቀለም ጽፈው መግቢያው ላይ የተከሉትም እሳቸው፤ ሌላ የጻፈው የለም።

በጥር፣ እዚህ ዝናቡ በሚብስበት ወር፣ እማማ ሮዛን የልብ ሕመም ያዛቸው። አምቡላንሱ ውሃው ጋ ደርሶ ቆመ። እኔና ታክሲ የሚነዳው የወሎ ልጅ፣ ሰይድ፣ በወንበር ተሸክመናቸው እስከ ጉልበታችን እየሰጠምን አሻገርናቸው። ሆስፒታል ሳይደርሱ ሞቱ።

እኛ ሌላ ምን እናውቃለን? ሰው ከሞተ ድንኳን ነው። ውሃው ሲጎድል ሰይድ ሸራ አመጣ፤ መንገዱ መሀል ተከልነው። ጎረቤቶቹ መጀመሪያ ግራ ገባቸው፣ ኋላ ወንበር ወንበራቸውን ይዘው መጡ። ንፍሮው ዞሮ ሳያልቅ የካውንቲ መኪና ከች አለ። ክረምቱን ሙሉ በጸሎት ያልመጣው!

«መንገድ ለመዝጋት ፈቃድ አላችሁ?» አለ ሰውየው።

«መንገዱ የማን ነው?»

«የካውንቲው ነዋ።»

«ጋሼ፣ ባለቤት ተገኘ» አለኝ ሰይድ በአማርኛ።

ሳቄ መጣ። ለሰውየው ወንበር ሳብኩለት። «እንግዲያው ሐዘኑ የእርስዎ ነው፤ ይቀመጡ» አልኩት።

አልተቀመጠም። ድንኳኑን አስነስቶ ሄደ፤ ቦዩን ዞር ብሎም አላየው።

እሁድ ለእናቴ ደወልኩ። ቀበሌያችሁ እንዴት ነው አለችኝ። ቀበሌ የለንም ስላት ደንግጣ፣ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይወራም ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ቀጥላ ግን፣ «ታዲያ ልጄ፣ ብትታመም ማን ይሰማል?» አለችኝ።

«ሰይድ አለ» አልኳት።

«እሱስ ሲታመም?»

ዝናቡ ጣሪያውን መምታት ጀምሯል። እናቴ በስልኩ ሰምተኸኛል ወይ፣ ሰምተኸኛል ወይ ትላለች።