በቁሟ የታጠበችው ዶሮ

ዶሮ ሳትታረድም እንደምትታጠብ ያወቅሁት በሰባት ዓመቴ፣ አዳማ ነው። ቤታችን ባቡር ጣቢያው አጠገብ ነበር፤ ከአጥራችን ወዲያ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ግሪክና ሚስቱ ይኖሩ ነበር። ሚስቱን ሰፈሩ ሁሉ ማዳም ይላታል። ማዳም ከባሕር ማዶ ያስመጣቻት ነጭ ዶሮ ነበረቻት። እንደኛ አገር ጉትያ ራሷ ላይ ትንሽ ላባ ጣል ያደረገች እንዳትመስላችሁ፤ ጎፈሬዋ ዓይኗን ጋርዶት እህሏን በዳበሳ ነበር የምትለቅመው። እግሯም እስከ ጥፍሯ ላባ ለብሷል። ሱሪ የለበሰችው ለምንድን ነው? ዝናብ ሲመጣ ጭቃውን እንዴት ልትሆነው ነው? እናቴ ጥያቄዬ ሲበዛባት "ሂጂና ራሷን ጠይቂያት" ትለኝ ነበር። እኔም በአጥሩ ቀዳዳ ማሽላ እያቀበልኩ ከእጄ እስክትበላ ድረስ አላመድኳት።

የቅዳም ሹር ጠዋት በዚያው ቀዳዳ ሳይ፣ ማዳም ዶሮዪቱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ በሳሙና ታሻታለች። የሳሙናው ሽታ እኛ ግቢ ድረስ ይመጣ ነበር። እኛ ቤት የታጠበች ዶሮ መጨረሻዋ ድስት ነው። እያለቀስኩ ለእናቴ ነገርኳት። እሷ ግን ያዘነችው ለማዳም ነው፤ ሰው አገር፣ የሚያሳያት ዘመድ የላት፣ ቅደም ተከተሉ ጠፍቷት ነው አለች። ሎሚና ጨው ይዛ፣ አባቴን ቢላዋ አስይዛ ልትረዳት ተሻገረች። እኔም ቀሚሷን ጨብጬ ተከተልኩ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ማዳም፣ መጀመሪያ ትታረዳለች፤ እጥበቱ ከዚያ በኋላ ነው" አለቻት።

ማዳም ቢላዋውን ስታይ ዶሮዪቱን ከነአረፋዋ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። ነገሩ ሲገባት ግን እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከበዓሉ ማግስት አዲስ አበባ ውስጥ ፈረንጆች ዶሮዎቻቸውን እንደሚያወዳድሩ፣ ዳኛ ላባና አቋማቸውን አይቶ ለቆንጆዋ ጥብጣብ እንደሚያስር፣ ዶሮዋም በዛሬው ባቡር እንደምትሄድ በተሰባበረ አማርኛ አስረዳችን።

እናቴ "ቆንጆ ከተባለች በኋላስ?" አለች።

"ቤቷ ትመለሳለች።"

አባቴ ቢላዋውን ጋቢው ውስጥ ከተተው። እኔ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ከሰዓት በኋላ የኛ ቀይ አውራ ዶሮ ተራ ደረሰ። እናቴ እንደ ወትሮው ቶሎ ለአባቴ አላቀበለችውም። ፀሐይ ላይ ከፍ አድርጋ ያዘችው፤ ጥቁር የሚመስለን ጅራቱ አረንጓዴ ሆኖ አበራ። ጾሙን ሙሉ ግቢያችን ሲውል ይህን አይተንለት አናውቅም።

"ይሄስ ምን አነሰው?" አለች። አባቴም ቆሞ ጠበቃት። ከዚያ ሰጠችው፤ በዓል ነውና።

የማዳም ዶሮ ሰማያዊ ጥብጣብ አስራ በባቡር ተመለሰች። ከቅርጫቱ እንደወጣች ቀጥ ብላ አመድ ላይ ሄዳ ተንከባለለች።

ዛሬ ዶሮ ታርዳ፣ ተገነጣጥላና ታጥባ በላስቲክ ትመጣልኛለች። ድካሙ ስለቀረልኝ አልጠላውም። ባለፈው ፋሲካ ታዲያ ሻጩን ላባዋ ምን ዓይነት እንደነበር ጠየቅሁት፤ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ የምሬን ነበር። ይህችንስ ፀሐይ ላይ ከፍ አድርጎ ያያት ሰው ነበር ወይ ብዬ ነው።