ዳንቴል የለበሰው ቴሌቪዥን

ኦክላንድ በነበረው አፓርትመንታችን ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሶ ነበር የሚኖረው። ዳንቴሉን የሠራችው ባለቤቴ ናት፤ ሕጉን ያወጣሁት ግን እኔ ነኝ። የሰርግ ቪዲዮ ሲመጣ ወይም ከቸርች የስብከት ካሴት ስንዋስ ብቻ ነው የሚገለጠው። የኔ ልጅ በዚያ ሳጥን አታድግም ብዬ ነበር። እኔ ደግሞ አንድ ነገር የምናገረው አንድ ጊዜ ነው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ እሠራበት የነበረው የሳን ሆዜ ካምፓኒ የሰርኪት ቦርድ ሥራውን ወደ ደቡብ ቻይና ማዛወር ጀመረ። ማሽኖቹን የሚያውቅ ሰው ሄዶ ለአዲሶቹ ሠራተኞች ያሳይ ተባለና ለጥቂት ወራት እኔ ተላክሁ።

ያረፍኩበት ሆቴል ከፋብሪካው አጥር ጥግ ነበር። ከሥራ ስገባ የሚያነጋግረኝ ሰው የለም። ቴሌቪዥኑ አልጋው ፊት ለፊት ተገትሯል። መጀመሪያ ሰሞን ፎጣ ጣል አድርጌበት ነበር፣ እውነቴን ነው። በኋላ ዝምታው ሲበዛብኝ ፎጣውን አነሳሁት። ሁሉም ቻይንኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ የሚመጣው ከሆንግ ኮንግ አንድ ቻናል ብቻ ነበር። እዚያ ላይ አንድ የአሜሪካ ኮሜዲ ያዘኝ። ባሏ የሞተባት፣ ምግብ ቤት ያላት፣ ሦስት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት፤ ጎረቤቷ ዳቦ ጋጋሪው ሊያገባት ይፈልጋል። ሙቅ ውሃ በፔርሙስ የምታመጣልኝ የሆቴሉ ሠራተኛ በሩ ላይ ቆም ብላ ከታች የተጻፈውን ቻይንኛ እያነበበች ከእኔ ቀድማ ትስቃለች። እኔ ስንት ዓመት አሜሪካ ኖሬ እሷን አይቼ ነው የምስቀው። ያናድደኝ ነበር፤ ማየቴን ግን አልተውኩም።

እሁድ እነሱ ከቸርች ሲመለሱ፣ እኔ ዘንድ ሰኞ ማለዳ ሲሆን፣ እደውላለሁ። የስምንት ዓመት ልጄ አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ስልክ ላይ ደግሞ እሱም አለቀባት። «ሃይ ዳዲ። አይም ፋይን። ሂር ኢዝ ማሚ።» በቃ። ቤት እያለሁም ብዙ አናወራም ነበር፤ ቢያንስ ግን ሳን ሆዜ ውዬ ስመለስ ፊቷን አያለሁ። እንዲህ ከቀጠልን ስመለስ እንግዳ ነው የምሆንባት ብዬ ፈራሁ።

አንድ እሁድ የምለው ቢጠፋኝ ስለ ባለ ምግብ ቤቷ ሴትዮ አነሳሁላት። ፈጠን ብላ፣ በእንግሊዝኛ፣ ፕሮግራሙን እንደማታውቀው ነገረችኝ። አመንኳትና ወሬዬን ቀጠልኩ። ትልቁ ልጅ እናቱ ልታገባ ነው ብሎ ተናዶ ከቤት ጠፋ አልኳት።

«አይደለም» አለች። «እሱ ማድ አልሆነም። ለእናቱ የበርዝደይ ስጦታ ሊገዛ ሄደ፤ ከዛ ባስ ሚስ አደረገ።»

እጅ ከፍንጅ ተይዛለች። ከኋላዋ የባለቤቴ ሳል ተሰማኝ፤ ለካ እሷም አለችበት። ደሜ ፈላ። እኔ ከሌለሁ ቤቱ ውስጥ ሕግ የለም ማለት ነው? ልናገር አፌን ከፈትኩ። ግን ልጄ ያን ያህል አማርኛ በአንድ ትንፋሽ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። እንዲገባኝ ብላ ነው። ቁጣዬን ዋጥ አደረግሁና «ስጦታው ምን ነበር?» አልኳት።

ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ ያልገባኝን የምታስረዳኝ እሷ ሆነች። ቃል ሲያጥራት እናቷን ትጠይቃለች። እኔ ዘንድ የሚታየው አምና ኦክላንድ የታየው መሆኑን ስትነግረኝ፣ ሕጉ ሳልሄድም እንዳልነበረ ገባኝ። ሴትዮዋ ዳቦ ጋጋሪውን ታገባው እንደሆነ ስጠይቃት ግን «አልነግርህም፣ ስትመጣ» ትለኛለች። ባለቤቴ ስልኩን ተቀብላ «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ።

በተመለስኩበት ቀን ታክሲ የሚነዳ አንድ የቸርች ወንድም ከኤርፖርት አምጥቶ በር ላይ አወረደኝ። ሳሎኑ እንደተውኩት ነው። ዳንቴሉ አራቱም ጫፉ ተስተካክሎ ቴሌቪዥኑ ላይ ተዘርግቷል። ልጄ ሽማግሌ የመጣ ይመስል እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። «ሃይ ዳዲ» አለችኝ። አገላብጬ ሳምኳት። ሻንጣዬን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሳስቀምጥ እጄ ዳንቴሉ ላይ አረፈ። ይሞቃል።

ኮቴዬን ሰምታ ነው የዘጋችው። ያን ሁሉ እሁድ አውርተን፣ በሩ ላይ ስደርስ ፈራችኝ። አንጀቴን በላችው።

ዳንቴሉን አነሳሁና አጥፌ ለባለቤቴ ሰጠኋት።

«እህስ፣ አገባችው?» አልኳት ልጄን።

መጀመሪያ እናቷን አየች፣ ቀጥሎ እኔን። ከዚያ ተነስታ ቴሌቪዥኑን ከፈተችው።

«ገና ነው» አለችኝ በአማርኛ። «ቁጭ በል።»