የማስታወስ ደቦ በጊንጆ

ጋሽ ዓምደሚካኤል ጂማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ አርባ ዓመት ሱሪ ሰፍተዋል። ጂማ ላይ ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ ሰው ካያችሁ ሱሪው የእሳቸው ሥራ ነው፤ ሱሪውን እየጎተተ የሚሄድ ካያችሁ ሌላ ጋ አሰፍቶ ነው። አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ጡረታ ማለት ስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጦ አለመስፋት ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ሱሪ ሰፍተው ለባለቤቱ ካስረከቡ በኋላ ያንኑ ሱሪ እንደገና ሰፉለት። ደንበኛው አላማረረም። እሳቸውም እንደ ቀልድ አዲስ አበባ ባንክ ለምትሠራው ልጃቸው ለጽዮናዊት ነገሯት። ጽዮናዊት አልሳቀችም።

ምክንያት ነበራት። የጋሽ ዓምደሚካኤል ታላቅ ወንድም የመርሳት በሽታ ይዟቸው ልጆቻቸው አዲስ አበባ ወስደዋቸው ነበር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ። ሰውየው ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ቆመው ከታች ለሚያልፈው ሁሉ "እንደምን አደራችሁ" ይላሉ። የሚመልስ የለም። ጋሽ ዓምደሚካኤል ከበሽታው ይልቅ የሚፈሩት ያንን በረንዳ ነው።

ጽዮናዊት ስልክ ገዝታ ላከች። ስልኩ ውስጥ ለአረጋውያን የመርሳት በሽታ መከላከያ ተብሎ በኦንላይን የሚሰጥ ፕሮግራም አለ፤ ተመራማሪዎች ያዋጣ እንደሆነ እየሞከሩት ነው። ሐሙስ ሐሙስ ዐሥር ቃል ያሳይና ይደብቃል፣ ከዚያ ያዩትን ይናገሩ ብሎ ይጠይቃል። "ተራምደዋል ወይ? ጎመን በልተዋል ወይ? ከሰው ጋር ተጫውተዋል ወይ?" ይላል ደግሞ። ውጤቱ በቀጥታ ለልጃቸው ይደርሳታል።

"አባዬ፣ ከስልሳ በታች ካመጣህ እኔ ጋ ትመጣለህ። ክፍሉ ተዘጋጅቷል" አለቻቸው በስልክ።

"ስንተኛ ፎቅ ነው?"

"አምስተኛ።"

የመጀመሪያው ሐሙስ ጋሽ ዓምደሚካኤል ስልኩን የከፈቱት ከሱቃቸው ጎን ባለው በሀጂራ ካፌ ነው። ጊንጆ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የተከፈተ ስልክ የጠረጴዛው ነው። ጓደኛቸው ጋሽ ሙርሺድ፣ ሞተር በድምፁ ብቻ የሚመረምሩት መካኒክ፣ ስፕሪሳቸውን ገፋ አድርገው ዐሥሩን ቃል አዩ።

"ይሄን ሁሉ ብቻህን ልትሸከመው ነው?"

"የኔ ፈተና ነው።"

"ሰቃ ገጠር ቡና ሲደርስ ብቻውን የሚለቅም ሰው አይተሃል? ይሄ ደቦ ነው የሚፈልገው።"

ቃላቱን ተከፋፈሉ። ጨርቅ ነክ የሆነው ለጋሽ ዓምደሚካኤል፣ ብረት ነክ ለጋሽ ሙርሺድ፣ የሚበላው ለሀጂራ፣ እንስሳው ጥግ ላይ ለሚቀመጡት ሦስት ጡረተኞች። "ዚፕ" የመጣ ዕለት ብረት ነው ጨርቅ ነው በሚል እስከ መግሪብ ተከራከሩ፤ በመጨረሻ በሽምግልና ለጨርቅ ተፈረደ። ስልኩ የሚቆጥረውን እርምጃ ደግሞ ሀጂራ ወሰደችው። ስልኩን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከትታ ደንበኛ ስታስተናግድ ትውላለች። አንዳንድ ቀን ጋሽ ዓምደሚካኤል ከወንበራቸው ሳይነሱ ሰቃ ደርሰው ይመለሳሉ።

ውጤቱ መቶ ሆነ። መቶ ላይ ቀረ። ፕሮግራሙ የጋሽ ዓምደሚካኤል አእምሮ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ አእምሮ ነው ሲል ጋሽ ሙርሺድ ሚስት ይፈለግለት አሉ።

እንዲህ ያለ አረጋዊ በጥናቱ ውስጥ ሌላ ስላልተገኘ ዶክተር ፍሬአብ የሚባሉ ተመራማሪ ሊያዩአቸው ከአዲስ አበባ መጡ። ጽዮናዊትም አብራ መጣች። ዶክተሩ ትሑት ሰው ናቸው። "እኔ የማሰላው ፕሮግራሙ ለአንድ ሰው ስንት ብር ወጣበት፣ ያ ብርስ ያዋጣል ወይ የሚለውን ነው" ብለው አስረዱ። ከዚያ ጋሽ ዓምደሚካኤልን ሱቃቸው ውስጥ ለብቻቸው አስቀመጡ። ካፌው በሙሉ በር ላይ ቆመ።

ዐሥር ቃል አሳዩአቸው፤ ደበቁ።

"ነጠላ" አሉ ጋሽ ዓምደሚካኤል። "ቀበቶ። ዚፕ።" ትንሽ አሰቡ። "ጃንጥላ።"

"የቀሩትስ?"

"ብረት ብረቱ ሙርሺድ ጋ ነው። የሚበላው ሀጂራ ጋ። አህያዋን ጡረተኞቹን ይጠይቋቸው።"

"አህያ አሉ እኮ። አምስት ልበልልዎት?"

"አይበሉ። የሰው ነው።"

ጽዮናዊት መሬት መሬት አየች። "አባዬ፣ አርባ ነው።"

"ነው።"

"ተነጋግረን ነበር።"

"ተነጋግረን ነበር።" ተነሡና የስፌት መኪናዋን ሽፋን አለበሷት። ጠርዙን አስተካከሉ፤ ደግመው አስተካከሉ።

ሀጂራ ፊቷን አዞረች። ጋሽ ሙርሺድ ግን ከበሩ ገባ አሉ።

"ልጄ፣ ማሎ፣ እባክሽ፣ ያንቺ ሕግ ለሁሉም ነው? ከስልሳ በታች ያመጣ ቤተሰቡ ጋ ይሄዳል የሚለው?"

"ለምን አይሆንም፣ ጋሼ?"

"እንግዲያው ተቀመጪ።"

ዶክተሩ ሌላ ዐሥር ቃል አሳዩአት። ቃላቱ እንደተደበቁ ስልኳ ጠራ፣ ባንክ ነው፤ ዘጋችው። ደግሞ ጠራ። አምስት ቃል ተናገረች፤ ስድስተኛውን ጣሪያው ላይ ፈለገችው፤ የለም።

"ሃምሳ" አሉ ዶክተር ፍሬአብ፣ በጣም ቀስ ብለው።

"ወላሂ ይቺ ልጅ ብቻዋን መኖር የለባትም" አሉ ጋሽ ሙርሺድ። "እዚሁ እናስቀራት።"

"ክፍል አለ" አሉ ጋሽ ዓምደሚካኤል። "ፎቅ የለውም።"

ጽዮናዊት አባቷን አየች። ከበር የቆሙትን አየች። ከዚያ ተነሥታ ከስፌት መኪናዋ ላይ ሽፋኑን አንሥታ አጣጠፈችው፤ እንደ ባንክ ሠራተኛ ሳይሆን እንደ ልብስ ሰፊ ልጅ።

ዶክተሩ ያን ከሰዓት ካፌው ውስጥ በሒሳብ ተወጠሩ። ወጪው ታውቋል፤ ለስንት ሰው ይካፈል የሚለው ነው የጠፋው። በአንድ ከተካፈለ ኪሳራ ነው፤ በስድስት ከተካፈለ ርካሽ ነው። ሀጂራ፣ ሰው ለመሳደብ ብቻ ካፌው የሚመጣውን አንዱን ደንበኛም ይቁጠሩት፣ እሱም ቃል በመያዝ ብርቱ ሆኗል አለቻቸው። አስገቡት። በጣም ርካሽ ሆነ።

ጽዮናዊት በነጋታው ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች፣ ለብቻዋ። ሐሙስ ሐሙስ ከካፌው ይደወልላታል፤ የቢሮ ዕቃ የእሷ ድርሻ ነው። እስካሁን "ስቴፕለር" ሁለት ጊዜ አምልጧታል። ጊንጆ ክፍሏ ተጠርጎ ተዘጋጅቷል።