ስም መጥራት የተውንበት ጤና ጣቢያ

ካርድ ክፍል በተቀጠርሁ ቀን የጤና ጣቢያው ኃላፊ ከመስኮቱ ኋላ አቁመውኝ፣ «እስቲ ጥራ፤ ድምፅህን እንስማው» አሉኝ። የመጀመሪያውን በሽተኛ ከነአባቱ ስም ጠራሁ። ግቢው ጫፍ ባሕር ዛፉ ሥር የተቀመጡት ሳይቀሩ ዞረው አዩኝ። በድቁና የተገራ ጉሮሮ ነበረኝና ኮራሁ።

ዘመኑ የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ከተማዋ ከሉማሜ ብዙ አትርቅም፤ ሰው ስለሚታወቅ ስሟን አልጽፍም። ስሜ ይበልጣል ነው፤ ሥራዬ ካርድ ማውጣት፣ መዝገብ ላይ ማስፈር፣ ስምና የክፍል ቁጥር መጥራት ነበር። ስምንት ቁጥር የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል መሆኑን ገበያተኛው ሁሉ ያውቃል።

አንድ የገበያ ቀን የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ መጣች። ከገጠር መጥተው፣ ቤት ተከራይተው፣ ስንቅ እየተላከላቸው ከሚማሩት አንዷ ናት። አባቷ እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ናቸው። ጥር ላይ ሊድሯት እንዳሰቡ አገር ያውቃል። እንደ ልማዴ ስሟን ከነአባቷ ጠርቼ «ስምንት ቁጥር!» ብዬ ለቀቅሁት። ከተሰለፉት ግማሾቹ የአገሯ ሰዎች ነበሩ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችና ወጥታ ሄደች። እኔ ቀጣዩን ስም ጠራሁ።

የስምንት ቁጥሯ ነርስ ሲስተር ብርቱካን መስኮቴ ድረስ መጣች።

«ያቺ ልጅ የት ሄደች?»

«ጠራኋት፤ ጥላ ወጣች።»

«አንተ ነህ ያስወጣሃት፣ ይበልጣል። ትምህርት ቤት ድረስ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ነው እዚህ ያደረስኋት። ለምን እንደመጣች አትጠይቀኝ። ካልተመለሰች ግን ትምህርቷ ማለቁ ነው።»

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። በማግስቱ አራት ሆነን ተሰበሰብን፤ ሲስተር፣ እኔ፣ የመድኃኒት ቤቷ ትዕግሥትና ዘበኛው ጋሽ አድማሱ። ስም መጥራት ይቅር ብለን ተስማማንና ለኃላፊው ነገርናቸው፤ «ስም ሳይጠራ እንዴት ተደርጎ ይሠራል?» አሉ። ሲስተር «እንሞክረው፤ ካልሆነ እኔን ይጠይቁኝ» አለች።

ከካርቶን ቁጥር ቆርጠን ማደል ጀመርን። ጋሽ አድማሱ በር ላይ «ምን ሆነሽ ነው?» ማለቱን ተወ። ትዕግሥት መድኃኒቱን እክፍሉ ድረስ አመጣች። ለወጣቶች ሐሙስ ከሰዓት ለየን፤ ካርዳቸውንም ቁልፍ ያለው መሳቢያ ውስጥ አደረግሁ። ሲስተር ይህን ለተማሪዎቹ ሄዳ ነገረች። በሁለተኛው ሐሙስ ልጅቷ ካርቶኗን ይዛ ገባች። ደስ አለኝ፤ ግን ቀና ብዬ አላየኋትም።

ጥር ሊገባ ሲል የኔታ መጡ። ልጅዎ ጤና ጣቢያ ታየች ብሎ ሰው ነግሯቸዋል። ጋሽ አድማሱን ጠየቁ፤ የአንድ ማኅበር ጠጪዎች ናቸው። «የገባ የወጣውን አልናገርም፤ ይቅር ይበሉኝ» አላቸው። ትዕግሥትም አልነገረቻቸው። ሲስተር ወንበር ስባ፣ አክብራ አስቀምጣ፣ ያንኑ መልስ ሰጠቻቸው። በመጨረሻ ወደ እኔ መጡ። እንደማልጨክንባቸው እርግጠኛ ነበሩ።

ወጥቼ ጉልበታቸውን ሳምሁ።

«የልጄን ካርድ አውጣልኝ።»

«የኔታ፣ ካርድ ለባለቤቱ እንጂ ለሌላ አይወጣም።»

«እኔ አባቷ ሌላ ነኝ?»

«ለካርዱ ሌላ ነዎት።»

«ሀ ሁ ያስቆጠርሁህ ለዚህ ነው?»

«ለዚህ የደረስሁት በእርስዎ ነው። ግን አላወጣም፣ የኔታ። የእሷ ካርድ እዚህ ይኑር አይኑርም አልነግርዎትም።»

መቋሚያቸውን አንሥተው ሳይመርቁኝ ሄዱ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታዬን አልመለሱልኝም። ለበዓል ቤታቸው መሄድ ቀረብኝ። ከፍቶኝ ነበር፤ ዛሬም ይከፋኛል። ልጅቷ ጥር ላይ ተዳረች፤ ትምህርቷን ግን አላቋረጠችም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ደብረ ማርቆስ መምህርነት ተማረች። ይህን እንድጽፍ የፈቀደችልኝ ራሷ ናት። ካርዷ ላይ ምን እንደተጻፈ አላነበብሁም፤ ዛሬም አላውቅም።

ካርድ ክፍል ለምትገቡ ልጆች የምለው ይህን ነው። አንድ ቀን የምታከብሩት ሰው መስኮታችሁ ላይ ይቆማል። ለእሱም መልሱ ያው ነው።