ፎርሙን ያበጀችው አመልካች

ከኮሌጁ በር ትይዩ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ሁለት የፎቶ ኮፒ ማሽኖች፣ አንድ ኮምፒዩተርና አንድ ወረቀት መቁረጫ የያዘች ጠባብ ክፍል አለች። የክፍሏ ባለቤት ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ተማሪዎቹ «እትዬ ኮፒ» ይሏታል፤ እሷም በዚሁ ስም «አቤት» ማለት ከጀመረች አሥራ ሰባት ዓመት ሆኗታል።

በነዚህ ዓመታት ሁሉ የሰው ወረቀት ስታቃና ኖራለች። የመመረቂያ ጽሑፍ ሽፋን ሲያመጡላት ርእሱን ትንሽ ከፍ፣ የአማካሪውን ስም ትንሽ ዝቅ ታደርገዋለች። ባለቤቱ አይቶ «አሁን ቆንጆ ሆነ» ይላል። «ምኑ ነው ቆንጆ የሆነው?» ስትለው ትከሻውን ሰብቆ ይሄዳል። እሷም አታውቀውም። ከፍ ሲል እንደሚያምር ዐይኗ ይነግራታል፤ ለምን እንደሚያምር ግን የሚነግራት አላገኘችም። ሰው ሲሄድላት፣ ማሽኑ እስኪሞቅ ድረስ፣ የምታስበው ይህንኑ ነበር።

በዚህ ዓመት ኮሌጁ የግራፊክ ዲዛይንና ቪዥዋል ኮሙኒኬሽን ትምህርት ቅዳሜና እሑድ ሊጀምር መሆኑን ማስታወቂያ ለጠፈ። ቦታው አሥራ ሁለት፣ የዕድሜው ጣሪያ ከአርባ በታች። በከተማው ሌላ ጫፍ ያለ አንድ ኮሌጅም ይህንኑ ትምህርት ይሰጣል፤ እሱ የዕድሜ ገደብ የለበትም። የዚያኛውን ብሮሸርና የማዶውን ኮሌጅ የአምና ማመልከቻ ፎርም ጎን ለጎን ባንኮኒዋ ላይ ዘርግታ በማስመሪያ ትለካ ጀመር። አናጺ የሆነው ታናሽ ወንድሟ ከሥራ ሲመለስ እንደዚያው አቀርቅራ አገኛት።

«ይሄኛው ይሻልሻል» አለ፣ በሚያብለጨልጨው ብሮሸር ላይ፣ ኮምፒዩተር ፊት በተቀመጠች ልጅ ፎቶ ላይ ጣቱን ጭኖ። «ልጅቷ ስትስቅ አታይም?»

«ምን አይታ ነው የምትስቀው?»

«ኮምፒዩተሩን ነዋ!»

«ኮምፒዩተሩ ጠፍቷል።»

ወንድሟ ጎንበስ ብሎ አየ። እውነትም ጠፍቷል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ደግሞ «ግራፊክ ዲዛይን» ከሚለው ርእስ ሥር ሠልጣኞች የጫጩቶችን ሙቀት እንዴት እንደሚቆጣጠሩ በዝርዝር ተጽፏል። እዚያው ብሮሸሩ ላይ ወዳለው ስልክ ደወለች። አንዲት ሴት በትሕትና አነሳች፤ ስለ ጫጩቶቹ ጠየቀቻት።

«እሱ የኅትመት ስህተት ነው፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው» አለቻት።

«ከየትኛው ጋር ነው አንድ የሆነው?»

ስልኩ ተዘጋ።

የማዶው ኮሌጅ ፎርም ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። የኮፒ ኮፒ፣ የዚያም ኮፒ ነው። ፊደሎቹ ወፍረው እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ ሣጥኖቹ ሁሉ ወደ ግራ ጋደል ብለዋል። ተራ ቁጥር ዘጠኝ ላይ የሚጠየቀው ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም፤ አመልካቾች በየዓመቱ «አዎ» ብለው ይሞሉታል።

«እትዬ፣ የገዛ በሩ የተጣመመበት አናጺ ዘንድ ሙያ ልትማሪ?» አለ ወንድሟ።

«አንተስ የቤታችን በር እንዴት ነው?»

«እሱማ ጊዜ አጥቼ ነው።»

«እነሱም ጊዜ አጥተው ይሆናል።»

ማዶ ከተለጠፈው የኮርስ ዝርዝር ውስጥ «የገጽ አቀማመጥ» የሚል አይታለች። ከዚያ ወዲያ ሌላ ምክር አልሰማችም።

በማግስቱ የኮሌጁ ተላላኪ ፎርሙን ይዛ መጣች፤ እዚሁ ኮፒ ቤቱ ለአመልካቾች የሚሸጥ መቶ ሃምሳ ኮፒ ይባዛ ተብሏል። እትዬ ኮፒ አንድ ኮፒ አውጥታ አየችው። ዘንድሮ ደግሞ ተራ ቁጥር አሥርም ጠፍቷል።

«እስቲ ይሄ እንደማይነበብ ለሬጅስትራሩ ንገሪልኝ» አለቻት።

ተላላኪዋ ሄዳ ተመለሰች። «እንዳለው አባዢው ብለዋል።»

እንዳለው ማባዛት አልሆነላትም። ወረቀቱን በመስኮቱ መስታወት ላይ ለጥፋ ተራ ቁጥር ዘጠኝንና አሥርን በብርሃን አነበበቻቸው፤ ዘጠኙ «ከዚህ ቀደም በኮሌጁ ተመዝግበው ያውቃሉ?» ነበር የሚለው። ሙሉውን እንደገና ጻፈችው። አንድም ጥያቄ አልጨመረችም፣ አንድም አልቀነሰችም። ሣጥኖቹን አቃናች፤ የስሙን መስመር ወደ ላይ አወጣችና ዙሪያውን ባዶ ተወችለት። በሕይወቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ራሷ የሠራችው ወረቀት ይህ የመጀመሪያው ነበር። መቶ ሃምሳውም በሁለት ሳምንት ውስጥ አለቀ።

የራሷን ማመልከቻ ልትሞላ ስትቀመጥ ግን ብዕሯን መልሳ አስቀመጠች። የኮሌጁ ፎርም ያ የጠመመው ነው፤ ይኼኛው የእሷ ነው። ስለዚህ ያንን የቆየውን ሞልታ፣ ተራ ቁጥር ዘጠኝ ላይ «አላውቅም» ብላ፣ መንገዱን ተሻገረች።

ሬጅስትራሩ ሠላሳ ዓመት በዚያች ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰው ናቸው። ኮፒ የሚያስደርጉት በተላላኪ ስለሆነ ባለ ኮፒ ቤቷን በመልክ አያውቋትም። ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው ያዙት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ማመልከቻዬ ነው፣ ጋሼ።»

«የኛ ፎርም አይደለም።»

«ዋናው እኮ እሱ ነው።»

«የሠላሳ ዓመት ፎርሜን አጣዋለሁ?» ከፊታቸው ከተቆለለው ላይ አንዱን አንሥተው አሳዩዋት። «የኛ ይኸውልሽ! ይሄንን የሠራ ሰው ዐይን የለውም እንዴ? ጠማማ!» ቀደዱትና ቅርጫት ውስጥ ጣሉት። «ማዶ ኮፒ ቤት አለ፤ ሂጂና ትክክለኛውን ግዢ።»

ተመልሳ ተሻገረች፤ የራሷን ክፍል ከፈተች፤ ለራሷ አንድ አባዝታ ሞላች። ሬጅስትራሩ ተቀብለው «አየሽ? ሰው የነገሩትን ሲሰማ» አሏት።

የቃል ፈተናው በሳምንቱ ነበር። ከጠረጴዛው ጀርባ ሦስት መምህራን ተቀምጠዋል፤ ሰብሳቢዋ ወጣት ናት። ሬጅስትራሩ ጥግ ላይ ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ። ሰብሳቢዋ አንድ ያልተሞላ ወረቀት ወደ እሷ ገፋ አደረገች።

«ሁሉንም የምንጠይቀው ነው። የዚህን ወረቀት ጉድለት ይንገሩን።»

እሷ ራሷ የሠራችው ፎርም ነበር። «ጉድለት የለውም» ማለት አፏ ላይ መጣ፤ ዐይኗ ግን ቀድሟት አየ።

«በግራ በኩል ያለው ህዳግ ጠባብ ነው፤ ፋይል ሲደረግ መብሻው ስሙን ይበሳዋል» አለች። «ፊርማውና ማኅተሙ አንድ ቦታ ላይ ይወድቃሉ። የስልክ ቁጥሩ ሣጥን በአንድ አሃዝ ያንሳል።» እየቆጠረች ሰባት ደረሰች። ሰብሳቢዋ ብዕሯን አስቀምጣ ታዳምጥ ጀመር።

«ጋሼ፣ ይጻፉት እንጂ» አለች።

ሬጅስትራሩ ብድግ አሉ። «አልጽፍም! ይህ ፎርም ከኮሌጁ ጋር የተወለደ ነው። ስንቱ ምሁር ሞልቶት አልፏል! አሁን አንዲት አመልካች ተነሥታ...»

«ጋሼ፣ አይቆጡ» አለች እትዬ ኮፒ። «የሠራሁት እኔ ነኝ። ባለፈው ወር።»

ተላላኪዋ ተጠርታ፣ እሷ ይዛ የሄደችው የቆየውን ፎርም እንደነበረ መሰከረች። ሬጅስትራሩ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ከዚያ ደንቡ ትዝ አላቸው።

«እንግዲያው መቶ ሃምሳውም ሐሰተኛ ነው። ሁሉም ይሰረዛል።»

«በትክክለኛው ፎርም ያመለከተ የለም?» አለች ሰብሳቢዋ።

«አንድ ነበረ» አሉ ሬጅስትራሩ። ድምፃቸው ወረደ። «ቀድጄዋለሁ።»

«ስለዚህ ኮሌጁ አመልካች የለውም ማለት ነው?»

ሬጅስትራሩ ወረቀት ሳቡና ጻፉ፤ ጮክ ብለውም አነበቡ፦ «ፎርሙ በጽሕፈት ቤቱ ተጠንቶ የተሻሻለ ነው። አመልካቿ ኮፒ ከማድረግ በቀር እጇ የለበትም። ትፈርም።» ቀና ብለው አዩዋት። «ካልፈረምሽ ሰነድ አስመስሎ መሥራት ይባላል። የሚመጣው ዓመት ደግሞ ስንት ይሞላሻል?»

«አርባ።»

ብዕሩን ያዘች፤ ግን ወዲያው አልፈረመችም። «ጉድለቶቹስ የማን ይሁኑ?»

«የጽሕፈት ቤቱ» አለች ሰብሳቢዋ።

«ጽሕፈት ቤቱ ጉድለት የለበትም!»

«እንግዲያው እነሱን ለእኔ ይተዉልኝ» አለች እትዬ ኮፒ።

እንደዚያው ተጻፈ። ፎርሙ የጽሕፈት ቤቱ፣ ሰባቱ ጉድለቶች የአመልካቿ። ፈረመች። ሦስቱም መምህራን እጃቸውን አወጡ፤ ከአሥራ ሁለቱ ቦታዎች አንዱ የእሷ ሆነ።

በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለች። «መምህርት፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ስሙን ወደ ላይ አውጥቼ ዙሪያውን ባዶ ብተወው አማረ። ለምንድን ነው የሚያምረው?»

ሰብሳቢዋ ፎርሙን አነሣች፤ ራቅ አድርጋ ያዘችው፤ መልሳ አቀረበችው።

«እሱ» አለች፣ «የሚሰጠው ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው።»